አንድ ቁንጥር ዕጣን



ወሩ መስከረም፣ ዓመቱም አዲስ ስለሆነ በልባችሁ ያለውን በጥቂቱ እገምታለሁ። አንዱ «ከእንግዲህ አረቄ አልቀምስም» ብሏል። አንዷ ሌሊት እየተነሣች ልትጸልይ ለራሷ ቃል ገብታለች። ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ ሰው «ዘንድሮ እኔው ቀድሜ እሄዳለሁ» ብሎ ወስኗል። በመንገድ የጠፋባት ልጅ ከተገኘላት ለቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር አደርጋለሁ ብላ የተሳለች እናትም እዚህ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አትጠፋም። እነዚህን ውሳኔዎች አከብራለሁ። ብዙዎቹ ግን ጥምቀት ሳይደርስ ይሞታሉ፤ የሚሞቱትም ወሳኙ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ለምን እንደሚሞቱ፣ እንዴትስ በሕይወት እንደሚቆዩ ልናገር ነው የመጣሁት። ምስክሮቼ ሰማዕታት ናቸው።

ሰማዕታትን የጠራሁት ወቅቱ የእነሱ ስለሆነ ነው። እኛ 2018 ያልነውን ዓመት ባሕረ ሐሳብ 1742 ዓመተ ሰማዕታት ይለዋል። ቆጠራው የሚነሣው የሮም ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. ነው። በዘመኑ የግብፅ ክርስቲያኖች በብዛት ስላለቁ ቤተ ክርስቲያናቸው ዓመቱን ከንጉሡ ወስዳ ለሟቾቹ ሰጠች። መስከረም 1 ራሱ በመጥምቁ ዮሐንስ ስም ይጠራል፤ በማግስቱ ደግሞ ስንክሳሩ አንገቱ የተቆረጠበትን ታሪክ ያነባል። ለአዲስ ዓመት ብለን ቃል የምንገባበት ሳምንት ከጥንት ጀምሮ የሰማዕታት ሳምንት ሆኖ ኖሯል።

ስለ ሰማዕታት ስንሰብክ ግን አንድ ነገር እናበላሻለን። የመጨረሻዋን ሰዓት ብቻ እናሳያለን፤ ሰይፉን፣ እሳቱን፣ አንበሳውን። ሰሚው ይደነቃል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያም «እነሱ ሌላ ፍጥረት ናቸው» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ የማሳያችሁ ከዚያች ሰዓት በፊት የነበረውን ነው፤ እኛ ያለነው እዚያ ነውና።

በሁለተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የሰምርኔስ ጳጳስ ፖሊካርፖስ ተያዘ። እድሜው ከሰማንያ ያለፈ ሽማግሌ ነው። ሊይዙት የመጡት ወታደሮች ቤቱ ሲደርሱ ምግብና መጠጥ እንዲቀርብላቸው አዘዘና ለራሱ የጸሎት ጊዜ ለመነ። ፈቀዱለት፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቆሞ ጸለየ። ይህን ልብ በሉ። በዚያች ሌሊት መጸለይ አልጀመረም፤ ሁልጊዜ ያደርገው የነበረውን አደረገ። ከዚያ የከተማው ሹም በሠረገላው አሳፍሮት ሲወስደው በመንገድ ላይ ለስላሳ ቃል ይናገረው ጀመር። ቄሣር ጌታ ነው ቢል፣ ትንሽ ዕጣን ቢያጥን፣ ነፍሱንም ቢያተርፍ ምን ጉዳት እንዳለው ጠየቀው። አገረ ገዥውም ቆይቶ አንድ መሐላ ብቻ እንዲምል፣ ክርስቶስን እንዲነቅፍ፣ ከዚያም በነፃ እንደሚሄድ ነገረው። ሽማግሌው 86 ዓመት ሲያገለግለው አንድም ክፉ እንዳላደረገበት ገልጾ እምቢ አለ።

የተጠየቀው ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ታያላችሁ? ቤተ ክርስቲያን አቃጥል አላሉትም፤ ሰው ግደልም አላሉትም። አንድ ቁንጥር ዕጣን ነው የጠየቁት። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ250 እ.ኤ.አ.፣ የሮም ንጉሥ ዳኬዎስ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት መሥዋዕት እንዲሠዋ፣ መሠዋቱንም የሚመሰክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ከእነዚያ ወረቀቶች ጥቂቶቹ በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተው ዛሬም ይነበባሉ፤ ስም፣ መንደር፣ ሠዋሁ የሚል ቃል፣ የምስክሮች ፊርማ። ሳይሠዉ በገንዘብ ወረቀቱን የገዙ ክርስቲያኖችም ነበሩ። ጣዖት ፊት አልቆሙም፣ ዕጣንም አላጠኑም፤ ግን አጠንን የሚል ወረቀት በኪሳቸው ያዙ። ቤተ ክርስቲያንም ይህን እንደ ክህደት ቆጠረችው።

እዚህ ካምፕ ውስጥ የምንሠራ ሰዎች ይህን በደንብ ልንሰማው ይገባናል። ከእኛ መካከል ዝርዝር የሚይዝ፣ የሚያስፈርም፣ እህል የሚሰፍር፣ የተማሪ ቁጥር የሚያስተላልፍ አለ። በሐሰት አልፈርምም ብሎ በእግዚአብሔር ፊት የወሰነ ሰው ውሳኔው የሚፈተነው በሰይፍ አይደለም። «ይህቺን አንድ ስም ብቻ ጨምርልኝ፤ ማን ይጎዳል?» ይባላል። የሚናገረውም ጠላት አይደለም፤ ዘመድ ነው፣ አለቃ ነው፣ የተራበ ጎረቤት ነው። የሰምርኔሱ ሹምም በሠረገላ ላይ እንዲሁ በርኅራኄ ነበር የተናገረው። መጠጥ ያቆመውም ቢሆን እስኪሰክር ጠጣ አይባልም፤ «ለአፍህ ያህል» ይባላል። ውሳኔያችን በትልቅ ነገር ተጠይቆ አያውቅም ማለት ይቻላል። የሚጠየቀው በቁንጥር ነው፤ ቁንጥሩን ስንሰጥ የተሰጠው ሁሉም ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ምድር ልምጣ።

በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግብፅ ሄደው በእስክንድርያው ፓትርያርክ እጅ ጳጳሳት ሆኑ፤ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤል፣ አቡነ ይስሐቅ። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከግብፅ ሲመጣ ለኖረ ሕዝብ ይህ ትልቅ ቀን ነበር። አንድ ዓይነት ቃል ገቡ፣ አንድ እጅ ተጫነባቸው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ገባ።

የአቡነ ጴጥሮስን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ሊያስለቅቁ ገብተው ሳይሳካላቸው ሲቀር ተያዙ። የተጠየቁት አርበኞቹን እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲናገሩ ነበር። ቃል ብቻ ነው የተፈለገው፤ ያን ቃል ነፈጉ። ሐምሌ 22 በአደባባይ ተረሸኑ። በቆሙበት ከተማ ሐውልታቸው ዛሬም አለ።

የአቡነ ሚካኤልን ታሪክ ግን ጋምቤላ ውስጥ እንኳ ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው፤ ይህ ያሳዝነኛል። መንበራቸው ጎሬ ነበር፤ ከዚህ ወደ ምሥራቅ ደጋውን ስትወጡ የምታገኙት ጎሬ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ያልተገዛው መንግሥት ለጥቂት ወራት የተጠለለው እዚያ ነበር፤ ዕቃውም ሰውም በባሮ በጋምቤላ በኩል ይመላለስ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ጣሊያን ጎሬን ያዘ። አቡነ ሚካኤልም ለፋሺስት አንገዛም፣ ሕዝቡም እንዲገዛ አንናገርም ስላሉ እዚያው ተረሸኑ። የእኛ አገር ጳጳስ ነበሩ። ልጆቻችን የሩቅ ሰማዕታትን ስም ሲሸመድዱ የእኚህን አባት ስም አለማወቃቸው ትክክል አይደለም፤ መምህራን፣ ይህን ለእናንተ አደራ እላለሁ።

ከአራቱ አንዱ አቡነ አብርሃም ሌላ መንገድ ሄዱ። ጣሊያን በ1930 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ አድርጎ ሾማቸው፤ አርበኞችን አወገዙ፤ የእስክንድርያ ሲኖዶስም እሳቸውን አወገዘ። ይህን የማነሣው ለመፍረድ አይደለም። ያረጁ፣ ዓይናቸው የጠፋ አባት ነበሩ፤ እሳቸው የቆሙበት ቆሜ አላውቅም። ግን ጥያቄው አያስተኛኝም። እሳቸውም መነኩሴ ነበሩ። እሳቸውም ጾመዋል፣ ሰግደዋል፣ ቀድሰዋል። ከሁለቱ ሰማዕታት በምን ተለዩ? ልማድና ጸሎት ብቻቸውን ይበቃሉ ብዬ ልነግራችሁ አስቤ ነበር፤ የእሳቸው ታሪክ ከለከለኝ።

እኔ የማየው ይህን ነው። አቡነ ጴጥሮስ ከአርበኞች ጋር ነበሩ፤ አቡነ ሚካኤል እጅ ካልሰጡ ሰዎች ጋር። በየቀኑ የሚያዩት ፊት ቃላቸውን የሚያስታውስ ፊት ነበር። በጠላት መሐል ብቻውን የተቀመጠ፣ የሚመራውን ሰው ዓይን ማየት የማይችል ሽማግሌ ግን የሚሰማው ድምፅ የአንድ ወገን ብቻ ይሆናል። ውሳኔያችንን የምንጠብቀው በጉልበታችን ይመስለናል። ከጉልበት ይልቅ ማን አጠገብ እንደተቀመጥን ይወስናል።

አርባዎቹን ሰማዕታት አስቡ፤ አርባ ሐራ ሰማይ እያልን መጋቢት 13 የምናስባቸውን። ወታደሮች ነበሩ። በ320 እ.ኤ.አ. ገደማ በሰብስጥያ በክረምት ሌሊት በበረዷማ ኩሬ ላይ ራቁታቸውን አቆሟቸው። በዳር የሞቀ መታጠቢያ ቤት ተዘጋጅቶላቸዋል፤ የካደ ገብቶ ይሞቃል። አሠቃዮቹ ስለ ሰው ያላቸው ዕውቀት ያስደነግጣል፤ ቅዝቃዜውን ብቻ አልሰጡም፣ ሙቀቱንም በሚታይ ቦታ አኖሩት። ሌሊቱን ሙሉ አርባ ሆነን ገብተናል፣ አርባ ሆነን እንውጣ እያሉ ጸለዩ። አንዱ አልቻለም፤ ሮጦ ወደ ሙቀቱ ገባ፤ እዚያም ሞተ። ይጠብቃቸው ከነበሩት ወታደሮች አንዱ ይህን አይቶ ልብሱን ጥሎ በጎደለው ቦታ ገባ። ማንም ብቻውን ቢሆን ያን ሌሊት ያድር ነበር ብዬ አላምንም።

በመካከላችን ግንባራችሁ ላይ ስድስት መስመር ያላችሁ ሽማግሌዎች ትታዩኛላችሁ። «ጋር» የሚባለውን የኑዌር የግንባር መስመር ስትቆረጡ በጀርባችሁ ተኝታችሁ፣ ምላጩ ከጆሮ እስከ ጆሮ ሲሄድ ፊታችሁን ሳታጨማድዱ ነው ያሳለፋችሁት። ቤተ ክርስቲያናት ስለ ሥርዓቱ የተለያየ አሳብ አላቸው፤ ዛሬ አልገባበትም። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። ማንም ልጅ ብቻውን አይቆረጥም፤ እኩዮቹ ጎኑ ይተኛሉ፤ ዕድሜ ልኩን እኩዮቹ ሆነው ይቀራሉ። አባቶቻችሁ ያወቁትን ይህን ጥበብ ወደ መንፈሳዊ ውሳኔያችሁ አምጡት። መጠጥ ለማቆም የወሰንክ ወጣት፣ ውሳኔህን ከማን ጋር ተኛህበት? ለማን ነገርክ? ሐሙስ ማታ እግርህ ወደ አረቄ ቤት ሲያመራ ማን ይጠራሃል?

ለማን መንገር እንዳለብን ስናገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፖሊካርፖስ ታሪክ ውስጥ ቆኢንጦስ የሚባል ሰው አለ። ማንም ሳይይዘው ራሱን ለአሳዳጆች ያቀረበ፣ ሌሎችንም አብረው እንዲወጡ የገፋፋ ሰው ነው። አራዊቱን ሲያይ ፈራ፤ ማለ፤ ዕጣኑንም አጠነ። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ታሪኩን የጻፈችው ማንም ሞትን ፈልጎ እንዳይሄድ ነው። ፖሊካርፖስ ራሱ መጀመሪያ ከከተማ ወጥቶ ተሸሽጎ ነበር፤ መሸሽ ነውር አይደለም። በዚህ የስደተኞች ሰፈር ይህን መናገር ግድ ነው፦ ቤታችሁን ጥላችሁ ድንበሩን በፓጋክ ስትሻገሩ እምነት አልጎደላችሁም። ጌታም በእናቱ ክንድ ሆኖ ወደ ግብፅ ተሰዷል። በአደባባይ ላይ እየጮኹ የሚገቡት ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ የቆኢንጦስ ቃል ነው፤ ለሕዝብ ሳይሆን ለአንድ ለታመነ ሰው ንገሩ።

አልሸሽም ያለም አለ፤ እሱም ጊዜውን ለይቶ ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ታስረው ሲፈቱ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጀላቸው፤ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ሳይቀሩ ሊረዷቸው ፈቃደኛ ነበሩ። ምእመናኑን ጥለው እንደማይሄዱ ተናገሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዑራኤል አካባቢ ሰብከው ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ታፈኑ፤ እሳቸው በዚያው ሌሊት ተገደሉ። በዚያው ዓመት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በደርግ ተገድለዋል። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ልዩነታችንን ስንቆጥር ለምንውል ለእኛ፣ ገዳያቸው አንድ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅመናል።

ከቄስ ጉዲና ይልቅ አንዳንድ ጊዜ የማስበው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳን ነው። ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ታስረው አሥር ዓመት ያህል በእስር ቤት ቆዩ፤ ተደበደቡ፣ ከልጆቻቸው ተለዩ፣ ግን እምነታቸውን ይዘው ወጡ፤ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስም ኖሩ። የባለቤታቸው ፈተና በአንድ ሌሊት አለቀ። የእሳቸው ግን በየማለዳው አዲስ ነበር። እዚህ ከተቀመጣችሁት እናቶች የብዙዎቻችሁ መንገድ የወይዘሮ ፀሐይ መንገድ ነው። ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ፣ አለዚያም ወላጆቻችሁ፣ ቀድሞ በዚሁ በኢታንግ በነበረው ካምፕ ኖራችኋል፤ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ካምፑ በአንድ ጊዜ ሲበተን ወደ አገራችሁ በእግር ተመልሳችኋል፤ በ2006 ደግሞ እንደገና መጣችሁ። በዚህ ሁሉ ከበሮውን ይዛችሁ፣ መዝሙሩን ይዛችሁ፣ ልጅ ክርስትና እያስነሣችሁ መኖራችሁ በስንክሳር ባይጻፍም ታላቅ ነገር ነው። ይህን ለማሞገስ ብዬ አይደለም የምናገረው፤ አምኜበት ነው።

ከሁሉ የከበደውን ውሳኔ ወደ መጨረሻ አቆየሁት። በጋምቤላ ምድር ለክርስቲያን የመጨረሻው ፈተና መጠጥ አይደለም፤ ደም ነው። ወንድምህ ተገድሏል። ገዳዩ የየትኛው ጎሣ ልጅ እንደሆነ ታውቃለህ። «አልበቀልም» ብለህ በእግዚአብሔር ፊት ወስነሃል፤ ሰፈሩ ግን ይጠብቅሃል። በየቡና ስኒው ላይ ስምህ ይነሣል፤ ፈሪ ትባላለህ። የምትጠየቀው ቁንጥር ዕጣን ይህ ነው፤ አብረሃቸው እንድትሄድ ብቻ፣ ባትተኩስም እንኳ እንድትቆም ብቻ።

እስጢፋኖስ የመጀመሪያው ሰማዕት ነው። በድንጋይ ሲወግሩት ይቅር በላቸው ብሎ ጸለየ። የወጋሪዎቹን ልብስ የሚጠብቅ ሳውል የሚባል ጎልማሳ እዚያ ቆሞ ነበር፤ በግድያውም ተስማምቷል። የእስጢፋኖስ ወዳጆች በኢየሩሳሌም ጥቂት አልነበሩም፤ ቀብረው አለቀሱለት። ከእነሱ አንዱ በዚያች ሌሊት የሳውልን ደጅ ቢያንኳኳ ኖሮ፣ ሳውል በኋላ የሆነው ጳውሎስ አይኖርም ነበር። የሮሜ መልእክት የለም፤ ወደ አሕዛብ የሄደው ወንጌልም በምን መንገድ እንደሚደርሰን አናውቅም። እስጢፋኖስ ቃሉን ጠበቀ፤ ወዳጆቹም ቃሉን ጠበቁ፤ ሳውል በሕይወት የደረሰው እነሱ እጃቸውን ስላልዘረጉ ነው። እኔ ይህንን ከሰማዕትነት አላሳንሰውም። ይህን ቃል የሚጠብቅ ወጣት ግን ብቻውን ሊተው አይገባም፤ ሽማግሌዎች፣ ቀሳውስት፣ አጠገቡ ካልተቀመጣችሁ ሰፈሩ ያሸንፈዋል። ሐዘን ቤት የምንሄደው ለማልቀስ ብቻ ከሆነ በሦስተኛው ቀን እንበተናለን፤ በቀል የሚዶለተው ደግሞ በአራተኛው ቀን ነው።

ቃላችሁን ያፈረሳችሁስ? ከእናንተ መካከል ዓምና የወሰናችሁትን በኅዳር ጥላችሁ ዘንድሮ መወሰን ያፈራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኅዳር 27 የምናስበው ያዕቆብ ግሙድ የእናንተ ሰማዕት ነው። በፋርስ ንጉሥ ቤት ትልቅ ሰው ነበር፤ ንጉሡ ስለወደደው፣ እሱም ንጉሡን ስለወደደ ክርስቶስን ካደ። ማንም አላሠቃየውም፤ ፍቅርና ሹመት ነው ያስካዱት። እናቱና ሚስቱ ይህን ሲሰሙ ደብዳቤ ጻፉለት፤ ወደ ጌታው ካልተመለሰ ከእነሱ ጋር ኅብረት እንደሌለው ነገሩት። ደብዳቤውን አንብቦ አለቀሰ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ጀመረ፤ ተመለሰም። በኋላ አካሉን በየመገጣጠሚያው እየቆራረጡ ሲገድሉት አልካደም። ቤተ ክርስቲያን ስሙን ስትጠራ የካደ ያዕቆብ አትለውም፤ የሚታወቀው በተመለሰበት ነው። በዳኬዎስ ዘመን ወረቀት የገዙትንም ቢሆን፣ ይመለሱ ወይስ አይመለሱ ተብሎ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ፣ አባቶች ንስሐ ሰጥተው ተቀበሏቸው። በሩን ለመዝጋት የፈለጉ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን አልተከተለቻቸውም።

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፉ። ስልክ ያላችሁ ደውሉ። ቃሉን የተወ ወንድም ኩሌ ካምፕ ካለ ኩሌ ሂዱ፣ ጋምቤላ ከተማ ካለ አስጠሩት። የያዕቆብ እናትና ሚስት ደብዳቤ ለስላሳ እንዳልነበረ አስታውሱ፤ ግን ሐሜት አልነበረም፤ ለራሱ ነው የተጻፈው። እኔም ከዚህ ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ዘንድሮ የወሰናችሁትን አንድ ነገር ብቻ አስቡ፤ ሁለት አይደለም። ከመካከላችሁ የምታምኑትን አንድ ሰው ምረጡና ዛሬ ሳይመሽ ንገሩት። ኅዳር 27 ሲደርስ ሁለታችሁ ተገናኙና ተጠያየቁ። ለዚያ ቀን እኔም ከአንድ ወንድም ጋር ተቃጥሬያለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ በኑዌርኛም ሆነ በአኙዋክኛ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ የሚተረጉሙልን ወንድሞች እዚሁ አሉ።